ሹሩባ የተሠራ ዳቦ

በእኛ ጊዜ የፋሲካ ዳቦ ክብ ነበር። ድፎ ነው፤ ኮባ ቅጠል ከታች፣ ኮባ ቅጠል ከላይ፣ አለቀ። አሁን እንግዲህ ዳቦም ሹሩባ ይሠራል፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

ይህ ያምና ነው። ልጄ ሰብለ ላሊበላ ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምትሠራ። ታዲያ ለቅዳም ሹር ወደኛ ወደ አሸተን ተራራ ሥር ወጣችና ዱቄቱን በወተት፣ በእንቁላል፣ በማር ለወሰችው። "አንቺ፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ብላት፣ "የሚጎነጎን ዳቦ ነው አባዬ፣ ለፈረንጆቹ ሁልጊዜ እንጋግራለን" አለች። "ጣዕሙስ?" "ጾሙ ሲፈታ ያዩታል፤ ዛሬማ ማን ይቀምሰዋል!"

እና እታለም፣ ታላቅ እቴ፣ ከምድጃው ማዶ ተቀምጣለች። ለዚህ አገር ሙሽራ ሁሉ ሹሩባ የሠራች እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲያ ግን ጥቁሯን ለበሰች፣ የራሷን ጸጉር ተላጨች፣ የሰው ጸጉርም መንካት ተወች፣ ተወች በቃ። ሙት ዓመቱ ወጣ፣ እሷ ወይ ፍንክች! ሰብለ ደግሞ ሰርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ "ከአክስቴ እጅ በቀር ራሴን ማንም አይነካም" ብላለች። እኔ ለመንሁ፣ የንስሐ አባታችን ለመኑ። መልሷ አንድ ነው፤ "ሐዘን የገባው እጅ ሙሽራ አይነካም።" ልጄ ሹሩባ ሳትሠራ ልትዳር ነው ብዬ ሆዴ ባብቶ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ታዲያላችሁ ሊጡ ኩፍ አለና ሰብለ ሦስት ቦታ ከፍላ፣ እያድበለበለች አርዝማ ዘረጋችው፣ ትጎነጉን ጀመር። አንዱን በላይ፣ አንዱን በታች፣ ደግሞ አንዱን በላይ፣ ተበላሸ። ፈታችው። ደግሞ ጀመረች፣ ደግሞ ተበላሸ። እኔም የወንድ ነገር፣ አጠገቧ ቆሜ "ድፎ አድርጊውና ተገላገይ!" እላለሁ።

 የእታለም ዐይን ግን ከሊጡ አልተነሣም። አንገቷን አስግጋ፣ "መሃሉን ላላ አድርጊው" አለች።

"እንዴት አክስቴ? እንዲህ?"

"እንዲህ አይደለም! የዳሩን አምጪና... ኧረ አንቺ ልጅ፣ የበሬ ገመድ ነው እንዴ የምትገምጂ?"

"እጄ እምቢ አለኝ። እስቲ ያሳዩኝ።"

"እኔ አልነካም።"

"ሊጥ እኮ ነው አክስቴ! ሊጥ ምኑ ሙሽራ ነው?"

እና እታለም ተነሣች፣ እጇን ታጠበች፣ ዱቄት ነሰነሰች። አንዴ ከያዘችው ወዲያ ያ እጅ፣ ምን ልበላችሁ፣ ያየ ነው የሚያውቅ። ዐይኗን ጨፍና ትጎነጉናለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ጫፉን ቋጠረችና ወደ ሰብለ ዞራ፣ "ራስሽን መቼ ነው የምትታጠቢ?" አለቻት።

ዳቦው? ደኅና ነበር። ከላይም ከታችም እሳት አድርገንበት ጎኑ ትንሽ አረረ፣ ማሩ ነው ያሳረረው። እኔ አሁንም ድፎ ይሻለኛል።

ታዲያ ከሰርጉ በኋላ ሆቴሉ ድረስ ልጠይቃት ሄድሁ። ወጥ ቤቱን ብቅ ብዬ ባይ፣ ሰብለ ከባልንጀራዋ ጋር ወሬዋን እየጠረቀች፣ ሊጡን ዞራ እንኳ ሳታይ፣ እጇ ብቻውን ይጎነጉናል! ወዲያው ተመልሼ እታለምን፣ "ልጅቱ እኮ አታልላሻለች! አሳምራ ታውቅበታለች!" አልኋት።

ሳቀች። "ገና በሕፃንነቷ ጉንጎና ያስተማርኋት እኔ አይደለሁ? ይህ የሚጠፋኝ መሰለህ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ከሐዘን መነሣቱንማ ከፈለግሁ ቆይቻለሁ፤ ሰበብ አጥቼ ነበር። አንተና የንስሐ አባታችን ልመና ብቻ ነው የምታመጡልኝ፤ እሷ ሊጥ ይዛ መጣች" አትለኝም! ሃሃ!