መናኸሪያ ውስጥ የዞረው ሞተር

መምህርት ጸዳለ አርባ ምንጭ መናኸሪያ፣ የጨንቻው ሚኒባስ እስኪሞላ ስትጠብቅ ከአቶ ወልደየሱስ ጋር ተገጣጠመች። ሰውየው የትምህርት ቤቷ ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ለሳይንስ ትምህርት የመጡት ማግኔቶችና የሽቦ ጥቅሎች ካርቶናቸው ሳይከፈት መጋዘናቸው ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ተማሪዎቿ ለአገር አቀፉ ፈተና ጥቂት ወራት ብቻ ቢቀራቸውም አንዳቸውም ሞተር ሠርተው አያውቁም።

“ጋሼ፣ መጋዘንዎ ውስጥ ያለውን ዓይነት ሽቦ ከገበያ ገዝቼ መመለሴ ነው” አለቻቸው።

“እንደምን ዋሉ ማለት ቀረ እንዴ? ልጆች ይሰብሩታል፣ መምህርት። ሲሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ።”

“ሳይነካ ሲዝግስ?”

“የዛገ ዕቃ ቆጠራ ላይ አይጎድልም።”

የጸዳለ ደም ፈላ። ለልጅ የተገዛ ዕቃ ከልጅ ይጠበቃል፤ ልጁም የሞተር ሥዕል ደብተሩ ላይ ገልብጦ ተማርኩ ይላል።

“ዕድላዊት፣ አሳዪያቸው” ስትል አብራት የመጣችውን ተማሪዋን ጠራች። ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ የመዳብ ሽቦ ስትጠመጥም ነበር። የሙዝ ሣጥን ላይ የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍና ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ደርድራ ጥቅሉን ሰቀለችበት። በጣቷ ብትነካው ወዲያ ወዲህ ተወዛውዞ ቆመ።

“ይኸው፣ ሳይጀምር ተበላሸ” አሉ አቶ ወልደየሱስ ደስ ብሏቸው።

“ይሄ ለኛ መኪና ቢገጠም ጨንቻ ቀርቶ መንገድ ላይ ያለችው ዶርዜም አንደርስም” አለ የሚኒባሱ ረዳት።

ዕድላዊት የሽቦውን ጫፎች አገላብጣ አየች። “ቲቸር፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈውን የሁለቱንም ቀለም ዙሪያውን ፍቄዋለሁ። የአንዱ ግማሽ ጎን ከነቀለሙ መቅረት ነበረበት። ኤሌክትሪኩ በየግማሽ ዙሩ ካልተቋረጠ ወደ ኋላ ይጎትተዋል።”

ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለም አውጥታ የአንዱን ጫፍ ግማሽ ጎን ቀባች፤ እፍ እያለች አደረቀችው። መልሳ ሰቅላ ብትነካው ጥቅሉ ዞረ፤ ዓይን እስኪያታልል ፈጥኖ ዞረ። ረዳቱ ተሳፋሪ መጥራቱን ተወ።

አቶ ወልደየሱስ አጎንብሰው ጥቅሉን አዩ። “የጥፍር ቀለሙን ማን ነገረሽ?”

“ማንም። የተፋቀ ቀለም በቀለም ይተካል ብዬ ነው።”

“አዩ፣ ጋሼ?” አለች ጸዳለ፤ ኩራት ድምጿን አለሰለሰው። “ያበላሸችውን ራሷ ጠገነች። ይህን እኔም አላስተማርኳት። ነገ የወፍጮ ሞተር ሲቆም ከሩቅ ባለሙያ ከመጠበቅ የሚያድነን እንዲህ ያለ እጅ ነው።”

“ዕቃውን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “ሰኞ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። የሰበሩትን እንዴት እንደጠገኑት ይንገሩኝ፤ ለተሰበረው እኔ እፈርማለሁ።”

“ዛሬ ገና ሐሙስ ነው።”

“እሺ፣ ነገ ይሁን፤ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?”

በማግስቱ መጋዘኑ ተከፈተ። በዚያ ዓመት ሁለት ማግኔት ተሰነጠቀ፤ ሞተር በእጁ ሠርቶ ያላዞረ ተማሪ ግን አልነበረም። ይህን ኪሳራ የሚል ካለ መጥቶ ልጆቹን ይጠይቅ።