ተገልብጦ የተፈተሸው ማርሽ

ቦንጋ ባጃጅ ሳይገባ ነው። ባለቤቴን አስቴርን እግሯን ያማት ስለነበር፣ ሐኪም ቤት የማመላልሳት በባለማርሽ ሳይክሌ ከኋላ አስቀምጬ ነው። አንድ ሰሞን ታዲያ ዳገቱ ላይ ማርሹ አልቀየር አለኝ፤ እየወረድኩ እሷን ጭኜ እገፋ ጀመር። ሳይክል ሠሪው ታምራት ዘንድ ወሰድኩት። እንደ ልማዳቸው ገልብጦ በመቀመጫው አቆመውና ፔዳሉን በእጁ እያሽከረከረ ማርሹን ቀያየረው። ካቴናው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሲያልፍ ድምፅ እንኳ የለውም። «ቲቸር፣ ማርሹ ጤነኛ ነው። እንግዲህ ጉልበት ይሆናላ» አለኝ።

ቤት ገብቼ አርጅቻለሁ አልኳት። «እንግዲያው ሕክምናው ይቅርብኝ» አለች። በማግስቱ ግን «ሳይክሉን ያዝ» ብላኝ እያነከሰች ታምራት ዘንድ ሄደች። ከኋላ ተቀመጠችና «አንተ ወጣት ነህ፤ እስቲ ዳገቱን አውጣኝ» አለችው። እኔ በእግሬ ተከተልኳቸው። ዳገቱ መሃል ላይ ማርሹን ሲቀይር ካቴናው ተንገጫግጮ ከጥርሱ ወጣ።

«ትናንት እኮ ደህና ነበር» አለ ግራ ገብቶት።

«ትናንት ማን ተቀምጦበት?» አለችው።

እሱ የላላውን የማርሽ ሽቦ ሲያጠብቅ እኔ ዳር ቆሜ አሰብኩ። ሳይክሉን እንኳ ሠሪ ዘንድ ወስጄ አስፈትሼዋለሁ። ጉልበቴ ላይ ግን በሰው አፍ ፈረድኩበት። አስቴር ባትነሳ ኖሮ ያላረጀሁትን እርጅና ተቀብዬ እቀመጥ ነበር።