ከደጁ የቀረው ጫማ

በእኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ከቡሬ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውሎ የገባ ሰው ሩቅ አገር አየ ይባል ነበር። እኔ ግን በደርግ ጊዜ ባቡር ተሳፍሬ ድሬዳዋ ደርሻለሁ፤ ያውም ባንደኛ ማዕረግ። አትሳቁ፣ ስጨርስ ትስቃላችሁ።

አዳነ ልጄ ወታደር ሆኖ እዚያ ተመድቦ ነበር፤ እና ጦርነቱም አልፎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት ተርፎ፣ አስቴር የምትባል ልጅ ወደደ። እናቷ ወይዘሮ ጽጌ ታዲያ፣ «አንተስ ደህና ልጅ ነህ፤ ግን እናትህን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥህም» አለችው። ታዲያ አዳነ ባቡር ላይ ከሚሠራ ጓደኛው ጋር ተማክሮ ቦታ አስያዘልኝ፣ ጥቁር ጫማም ገዝቶ በሰው እጅ ላከልኝ። «እማዬ፣ የድሬ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው፤ አደራሽን ጫማውን አድርገሽ ነይ» ብሎም ላከብኝ። እኔ ደግሞ እስከዚያ የማውቀው በረባሶ ነው። ከቡሬ እስከ አዲስ አበባ በአውቶብስ ስሄድ አቧራ እንዳይነካው በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድሁ፤ ለገሃር ስደርስ ነው ያደረግሁት።

ማለዳ ነው፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ቀድሜ ደርሻለሁ። የአዳነ ጓደኛ፣ «እማማ፣ የርስዎ ፉርጎ ይኸ ነው» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ቀና ብዬ ባይ፣ እናንተዬ፣ ወለሉ ቀይ ምንጣፍ፣ ወንበሩ ቀይ ከፋይ፣ በየመስኮቱ መጋረጃ፣ እንጨቱ እንደ መስተዋት ያበራል። ሰው የለበትም፣ ጸጥ ብሏል። እና እኔ እንዲያ ያለ መጋረጃና እንዲያ ያለ ምንጣፍ ከቤተ ክርስቲያን በቀር አይቼ አላውቅም። አማተብሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ከደረጃው በታች ከጣቢያው ግንብ ጥግ አጋጥሜ አስቀመጥሁት፣ መቃኑን ተሳለምሁና ገባሁ። ገብቼም ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ።

ታዲያ ቆብ ያደረገ አስተናጋጅ መጣና፣ «እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው መሬት የተቀመጥሽው አቦ፤ ወንበሩ ያንቺ ነው» አለኝ። ልጄ የሚሆን ሰው «አንቺ» ሲለኝ ክው አልሁ። ኋላ ነው የገባኝ፤ የዚያ አገር ሰው ለወደደው ሁሉ አንቺ ነው። ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ፣ ከፋዩ ዋጠኝ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። እኔ ቁጭ ብያለሁ፣ ተራራው ይሄዳል። ናዝሬትን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ፣ መተሐራ ላይ ሐዲዱ ውኃ መካከል ገባ፤ በግራ ውኃ፣ በቀኝ ውኃ፣ ወፎቹ ከመስኮቴ እኩል ይበርራሉ። ቀጥሎ እሳት ያቀለጠው ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥሎ እሾህ፣ ቀጥሎ ግመል በግመል። እኔ የጎጃም ሰው፣ እግዜር የሠራው አገር ለምለሙ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያም ድንጋይ፣ ያም እሾህ የሱ እጅ ነው። አፌን ይዤ ቀረሁ።

አዋሽ ላይ ባቡሩ ለምሳ ቆመ። «ጾም ነኝ» ስለው፣ አስተናጋጁ «እንግዲያ ወርደሽ ነፋስ ተቀበዪ» አለኝ። እና በሩ ላይ ሄጄ እፈልጋለሁ፣ እፈልጋለሁ።

«ምን ጠፋሽ?»

«ጫማዬ ልጄ።»

«የት አደረግሽው?»

«ከደጁ ነዋ፣ ስገባ አወለቅሁት።»

ባዶ እግሬን አየና፣ «እናቴ፣ ደጁ እኮ አዲስ አበባ ቀረ» አለኝ።

ልጄ ያን ያህል አደራ ብሎኝ፣ በባዶ እግሬ ሚስት ልጠይቅለት ነው። ያ የተባረከ ልጅ የራሱን ሊያወልቅልኝ ጎንበስ አለ፤ ጫማው ታንኳ ያክላል። «ተው ልጄ፣ በሰው ጫማ የሰው ልጅ አልጠይቅም» አልሁት። ከዚያ ድልድዩ ላይ ስንወጣ ያን የአዋሽን ገደል ወደ ታች አየሁና ጭንቀቴን ረሳሁት፤ ወዲያው ደግሞ እግሬን ሳይ ትዝ አለኝ። እንዲያ እየረሳሁ፣ እንዲያ እያስታወስሁ ድሬዳዋ ገባን።

አዳነ ከአስቴርና ከእናቷ ጋር ቆሞ ይጠብቀኛል። ፊቴን አይቶ ሳቀ፣ ዝቅ ብሎ አየና ሳቁ ጠፋ። «እማዬ፣ ጫማውስ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ቀሚሴን ወደ ታች ብጎትት አልደርስልሽ አለኝ። ወይዘሮ ጽጌ ባለተረከዝ ጫማዋን እያንኳኳች ቀረበች።

«ምነው፣ ዘረፉሽ እንዴ?»

አዎ ብል በበቃኝ ነበር፤ ግን በጾም አፌ መዋሸት ከበደኝ። «የለም፣ ማንም አልነካኝ። ቤቱ ቢያምር በጫማ መርገጥ ፈራሁና ከደጁ አውልቄ ገባሁ» አልኋት።

«የቱ ቤት?»

«ባቡሩ።»

አስቴር አፏን በእጇ ያዘች። አዳነ መሬት መሬቱን አየ። ወይዘሮ ጽጌ ግን አልሳቀችም። እግሬን አየች፣ ዞር ብላ ባቡሩን አየች፣ እንደገና እግሬን አየች።

«አንተ አዳነ» አለች፣ «ለዚህ ለብረቱ ጫማዋን ያወለቀች፣ ልጄንማ እንዴት አድርጋ ልትይዝልኝ ነው። በቃ አቦ፣ ሰጥቻለሁ።» ብላ ክንዴን ያዘች፣ እና እኔ በባዶ እግሬ እሷ በተረከዟ ጎን ለጎን ወጣን።

ምን አልሽ አንቺ የአስቴር ልጅ? ጫማው? እኔ ምን አውቄ። አጋጥሜ ነው ያስቀመጥሁት፤ ያገኘው ሰው ሁለቱንም አግኝቷል። ያን ቀን እግሬ ላይ ቢሆን ኖሮ እናንተ ዛሬ ከፊቴ መቀመጣችሁን እንጃ። በሉ፣ አሁን ሳቁ።