ሳይሰበር የተሞከረው ስስ ሸክላ

ሲናን ያገኘኋት ባለፈው የካቲት፣ የሸክላ አፈር ልቆፍር ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ወዳለው የጣና ዳርቻ በወረድሁበት ጠዋት ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ እምቦጭ እየነቀለች በማዳበሪያ ከረጢት ትሞላለች። አለባበሷ የከተሜ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ልጄ፣ ይህን አረም ምን ልታደርጊው ነው? ከብት እንኳ ንቆታል» አልኋት።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ። አብላልቼ ጋዝ አወጣበታለሁ። ከጋዙ ደግሞ መብራት።»

«ጋዙን አንድደሽ?»

«ሳላነድደው። አንድ ስስ ሸክላ አለ። በኃይል ግሎ ሳለ በአንድ ፊቱ ጋዝ፣ በሌላው ፊቱ አየር ሲያልፍበት ኤሌክትሪክ ይሰጣል።»

ሸክላ ስትል ጆሮዬ ቆመ። እንፍራንዝ ከእናቴ ጋር ከጀመርሁት ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሸክላ ሠርቻለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ በሸክላ ግን ማንም አያስተምረኝም ባይ ነኝ። ከረጢቱን አብሬያት ተሸክሜ ስንሄድ ነገሯን ሁሉ አወጣጣኋት።

ሲና የመራዊ ልጅ ናት፤ እዚሁ ባሕር ዳር ትማራለች። ያ ስስ ሸክላ ጠጣር ኦክሳይድ ፊውል ሴል ይባላል። ከመዳፍ አይበልጥም፤ ሦስት ንጣፍ ሆኖ የተደራረበ ነው። ከምድጃ ሲወጣ ደህና ነው፤ ሥራ ላይ ሲግል ግን ይሰነጠቃል። ስምንት ሠርታ ስምንቱም ተሰነጠቁ። የሚሠራበት ዱቄት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ የቀራት ለአንድ ብቻ ይበቃል። ከትንሣኤ በፊት መብራት የሚሰጥ ሸክላ ለመምህራኗ ካላሳየች ሥራው ይዘጋል፤ የሁለት ዓመት ልፋቷም አብሮ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሠርተሽ እሳቱ ውስጥ ክተቺዋ!»

«አሁንስ ፈራሁ። መጀመሪያ በኮምፒውተር ልሞክረው ነው።»

ሳቄ መጣ። «ኮምፒውተር ደግሞ እሳት አለው?»

«ስሌት ነው ያለው፣ እትዬ። የሸክላውን ውፍረት፣ ሲግል ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ ጋዙ በየት በኩል እንደሚገባ እነግረዋለሁ። እሱ ሸክላውን ሺህ ቦታ ከፋፍሎ የቱ ጋ እንደሚጨነቅ ያሰላና በቀለም ያሳየኛል። ቀይ የሆነው ቦታ ሊሰነጠቅ የደረሰ ነው። ሲሙሌሽን ይሉታል።»

«ሳይሰብር የተማረ ሸክላ ሠሪ አላየሁም። እናቴ ስንቱን እንስራ ሰብራ መሰለሽ እጇ የተፈታው! አንቺ ቁጭ ብለሽ ሥዕል ልታዪ?»

«እናትዎ አፈሩ ከደጃቸው ነበር። የእኔ ግን አለቀ።»

በዚህ አልተሸነፍሁም። በማግስቱ ልፈትናት ወደ ላቦራቶሪዋ ሄድሁ። አስገባችኝ። በስክሪኑ ላይ ሸክላዋ ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ መካከሉ ብቻ ቀልቷል። የተሰነጠቁትን ስምንቱን ከካርቶን አውጥታ ሰጠችኝ፤ አንድ በአንድ አገላበጥኋቸው።

«ማሽንሽ ዋሽቷል» አልኋት። «መካከሉ ነው የሚጨነቀው ይላል። ይኸው ስምንቱም የተሰነጠቁት ከጠርዝ ነው።»

አንዱን ተቀብላ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች።

«ምን ላይ አድርገሽ ነው የምታግይው?»

«በብረት ክፈፍ ውስጥ። ጋዙ እንዳያፈተልክ በአራቱም ጎን በቀለጠ ብርጭቆ አጣብቄ።»

«በማርያም! ሸክላ እሳት ላይ እኮ ይላወሳል። እኛ ስንተኩስ እንደ ልቡ ይንሸራተት ብለን ከሥሩ አመድ እንነሰንሳለን። ከብረት ጋር አስረሽ ካጋልሽው የት ይሂድልሽ? መታሰሩንስ ለኮምፒውተርሽ ነግረሽዋል?»

ሲና እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «አልነገርሁትም። ጠርዙ ነጻ ነው ብዬ ነው የሰጠሁት።»

እዚያው አስተካከለችው። ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ አስልቶ ጨርሷል። ቀዩ ከመካከል ለቅቆ ጠርዝ ላይ ሰፍሯል፤ ከሁሉም የባሰው ጋዙ የሚገባበት ማዕዘን ነው። አንዱን የተሰነጠቀ ሸክላ ከስክሪኑ ጎን አስጠጋሁት። ስንጥቁ የጀመረው ልክ እዚያው ነበር።

ሠላሳ ዓመት ስተኩስ እሳቱ ውስጥ የሚሆነውን አይቼ አላውቅም፤ የማየው ሲወጣ ነው።

«ያው እኔ ነኝ ያሸነፍሁ» አልኋት፣ እንዲያው ለወጉ።

«አሸንፈዋል። ማሽኑ ያልተነገረውን አያውቅም። አሁንስ ምን ላድርገው ይላሉ?»

«ይህ ምን ይጠየቃል? ወፍራም አድርጊዋ! ወፍራም ሸክላ አይሰነጠቅም።» እርግጠኛ ነበርሁ። እሷ ብትጠይቀኝ ዱቄቱን በገዛ እጄ አቡክቼ አወፍርላት ነበር።

ሲና ሳትከራከር ቁጥሩን ለወጠች። ጠበቅን። ሸክላው ከዳር እስከ ዳር ቀላ፤ እስካሁን ካየነው ሁሉ የከፋው እሱ ሆነ።

«ለምን?» አልሁ።

«በጣም የሚግለው ፊትና ያልጋለው ፊት ተራራቁ። አንዱ ሲለጠጥ ሌላው ይይዘዋል። እትዬ፣ ይህን በመጨረሻው ዱቄት ሠርተነው ቢሆን ኖሮስ?»

ያን ጊዜ ነው ክርክሩ ያበቃው። በሠላሳ ዓመት ልምዴ የዚችን ልጅ ልፋት ገደል ልከትባት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ተጋን። እኔ «አሳሺው፣ አስፊው» እላለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። ጋዙን በአንድ በር ማስገባቱን ትተን በብዙ ጠባብ ቦዮች አካፈልነው። ብርጭቆውን አስቀረን፤ በሱ ፋንታ ሸክላው ሲለጠጥ የሚያንሸራትተው ማሸጊያ ተደረገ። በዚያች አንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሸክላ በስሌት ተሰነጠቀብን፤ ከዱቄቱ ግን ቅንጣት አልጎደለም። አሥራ ሁለተኛው ላይ ቀይ ጠፋ።

እሱን ሠራችው። ለሆሳዕና አራት ቀን ሲቀረው ቀስ እያለች አጋለችው፤ የእምቦጩን ጋዝ አጣርታ ለቀቀችበት። ጣት የምታህል አምፑል በራች፤ ሙሉ ቀን በርታ ዋለች። ሥራው እንዲቀጥል የሚወስኑት መምህራን ቆመው አዩ።

ቀዝቅዞ ሊከፈት ሲል ሲና ገለል አለችልኝ። «እርስዎ ያውጡት፣ እትዬ» አለችኝ። አወጣሁት። ዓይኔን ስላላመንሁት በጥፍሬ ቆርቆር አደረግሁት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ የተሰነጠቀ ሸክላ እንዲያ አይጮኽም።

እኔ የምለው ይህን ነው። ስሌት እጅ የሚያውቀውን ካልነገሩት ይሳሳታል፤ እጅም ስሌት የሚያሳየውን አላይም ካለ እንደ እኔ ይሳሳታል። ቀድሞ በስሌት መሞከር ዕቃ ያድናል፣ ጊዜ ያድናል፤ ጥፋቱ የት እንዳለም ሳይደርስ ያሳያል። በትልቁ ሲሠራ ደግሞ ሐይቃችንን የወረረው አረም መብራት ይሆነናል። ሥራው እንዲቀጥል ተፈቅዷል፤ ሲና አሁን እንዲህ ያለ አሥር ሸክላ ቢደራረብ ምን እንደሚሆን እያሰላች ነው። እኔም አላፈርሁም፤ ለጋኖቼ ኮምፒውተሩ ላይ ወረፋ ይዣለሁ።