የቀኙ ዓምድ ባለቤት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እዚሁ ሰቆጣ አንድ የንባብ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ ነበር የሚደርሰው፤ እና አንዱ ወደ ቤቱ ይዞት ሲሄድ አራቱ ተራ ይጠብቃሉ። አሁን እናንተ ወጣት መምህራን ተቀምጣችሁ «ተማሪዎቹ የደብተራቸውን የቀኝ ዓምድ ባዶውን ያመጡልናል» ስትሉ እኔ ዝም የምለው ለምን ይመስላችኋል? አፍሬ ነዋ! እስከ ጡረታዬ ድረስ ለማንም አልተናገርኩትም። ዛሬ ልናገረው፣ ብቻ አትሳቁብኝ። እሺ፣ ሳቁ።

የአማርኛ መምህራችን፣ እኛ «ቲቸር» ነው የምንላቸው፣ ደብተሩን መሃል ለመሃል በማስመሪያ ያሰምሩናል። «በግራ፣ ከመጽሐፉ ልባችሁ የቀረበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጡ። በቀኝ፣ እናንተስ ምን አላችሁ? ጠይቁት! ተሟገቱት!» ይሉናል። ታዲያ እኔ ከደሃና ወረዳ ከገጠር የመጣሁ ዓይነ አፋር፣ ሰው ቀና ብዬ የማላይ፣ ከመጽሐፍ ጋር እንዴት ልሟገት? ግራዬ ሙሉ፣ ቀኜ ባዶ።

የምኖረው ከአባቴ እህት ከትብለጥ ጋር ነው። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አማርኛዋም የገበያ ነው፣ ከመሸጥና ከመግዛት አያልፍም። ታዲያ አንድ ቀን ገብስ እየሸከሸከች «ምንድን ነው የምታነቢው? ለእኔም ንገሪኝ እንጂ» አለችኝ፤ እና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ቋንቋችን ወደ ኽምጣንጋ እየመለስኩ ነገርኳት። አንድ ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ፣ ቤቱን ጥሎ ሄዶ፣ በሰባት ዓመቱ ተመለሰ። «በሩ ክፍት ነበር፤ ሰውየው ገባ» ይላል መጽሐፉ። ዘነዘናው ቀጥ አለ።

«ድገሚው እስቲ።»

«በሩ ክፍት ነበር።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ? የጎረቤቱ ፍየል የት ሄዳ? አንቺ፣ ያ በር ክፍት አልነበረም! ሴትዮዋ ከሩቅ ሲመጣ አይታ ነው የከፈተችለት። የጻፈው ሰውዬ በሩን አየ እንጂ እሷን መቼ አያት!»

እኔ ምን አደረግሁ? ጻፍኩታ! ወደ አማርኛ መለስኩና በቀኝ በኩል ቁጭ። በማግስቱ ቲቸር አንብበውት ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ በኋላማ ልማድ ሆነ፤ እሷ ትሸከሽካለች፣ እኔ አነባለሁ፣ ዘነዘናው ቆም ሲል እስክሪብቶዬን አነሣለሁ። እና ክፍል ውስጥ ስሜ «ሞጋቿ» ሆነ። እኔ! አንድ ቀን እንኳ እጄን አውጥቼ የማላውቀው!

ታዲያ የወላጆች ቀን መጣ። ቲቸር ደብተሬን ይዘው በወላጅ ሁሉ ፊት ቆሙ። አክስቴ ከፊት ተቀምጣለች። «የእኔ ቃል ነው» ካለች አለቀልኝ፤ አጭበርባሪ ተብዬ ወደ ደሃና መመለሴ ነው። ግራውን አነበቡ። ቀኙን አነበቡ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ እና ቀስ ብላ ተነሣች።

«መምህር» አለች በዚያ በገበያ አማርኛዋ፣ «ይሄ ልክ ነው። ግን ጎደለ። ሴትዮ በር ከፈተች፣ ጓዳ ገባች፣ ተደበቀች። ደስታዋን እንዳያይባት።»

ሰዉ በሳቅ አለቀ። ቲቸርማ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «አያችሁ! አያችሁ! ይህች ልጅ እኮ ቤቷ ገብታ አክስቷን ታስተምራለች! አጨብጭቡላት!»

ተጨበጨበ። ለማን? ለእኔ! አክስቴም አጨበጨበች። እኔስ? መሬት መሬት አያለሁ።

ስንመለስ ሳቁ መራመድ ከለከላት፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ነሽ አሉ ያስተማርሽኝ!»

«እቴቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«ቆይ፣ ምን አስተማርሽኝ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ዛሬ ጀምሪ! በከንቱ አላጨበጭብም። የቀኙንም ከአሁን ወዲያ ራስሽ ጻፊው።»

ጀመርን። እሷ ሀ ሁ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ባዶ ዓምድ ላይ አፍጥጬ እቀመጣለሁ፤ ማን የበለጠ እንደተቸገረ እንጃ! ወራት አለፉ። ታዲያ አንድ ጊዜ «ሽማግሌው በጉን ለእንግዳው አረደ፤ እሱ ራሱ ግን ሳይቀምስ ተነሣ» የሚል አነበብኩና፣ የራሴን፣ የገዛ ራሴን ሐሳብ በቀኝ ጻፍኩ፦ «ሽማግሌው ጠግቦ ነበር።» ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ቲቸር ደብተሩን ገልጠው አቀረቀሩበት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከእኔ ጽሑፍ ሥር፣ በተንጋደደ ፊደል፣ «አይደለም። በጉን ያሳደገው እሱ ነው» ይላል። አክስቴ! እኔ ስተኛ ጽፋበታለች!

«የኔ ልጅ» አሉ ቲቸር፣ ድምፃቸው ሁሉ ተለውጦ፣ «ከራስሽ ጋር ተሟገትሽ! አየሁት፣ እጅሽ እንኳ ተንቀጥቅጧል!» እና ሙሉ ነጥብ፣ በቀይ፣ ክብ ተደርጎ! ደብተሬን ተቀብዬ ወደ ቦታዬ ሄድኩ።

በሉ ፍረዱ፣ ያ ሙሉ ነጥብ የማን ነው?

«የአክስትዎ ነዋ፣ እትዬ!»

ሙሉው? ኧረ ተዉ! እኔ ባልሳሳት ኖሮ ምኑን ታርመው ነበር? ቂ ቂ ቂ!