ጳጉሜ አሥራ ዘጠኝ የተለካው ቱቦ

አካም ኦልቴ ጁሀራ? ነጋ? ነይ እዚህ ፀሐዩ ጋ ተቀመጪ። ዘንድሮ የሮቤን ብርድ አልቻልነውም እኮ፤ የሳነቴን ውርጭ በጆንያ አምጥተው የደፉብን ነው የሚመስለው። ሻይ ይምጣልሽ? የኔን ስኳር ቀነስ አድርጊው በያት። አይ፣ ጊዜ አለን፤ ስብሰባው ስምንት ሰዓት ነው፣ የፋብሪካው ግቢ በር ደግሞ ይኸው ፊት ለፊታችን ነው።

ያ ከሪራ ያስመጣሽልኝ ማር እንዴት ያለ ነው! ተባረኪ። ልጅሽን ሰቢሪናን ደግሞ ገበያ አየኋትልሽ። ምን የመሰለ ሹሩባ ነው የተሠራችው? ማን ሠራት? ... ለሊሴ! አላልኩም? ገና ሳየው የሷ እጅ መሆኑን አውቄአለሁ። ያቺ ልጅ እኮ ሹሩባ ስትሠራ እንኳ ትቆጥራለች። የእኅቴን ልጅ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንዱ ጉንጉን ከቀጠነባት ወይ ፀጉሩ ካነሳት እዚያው ላይ ቀይ ክር ቋጠር ታደርጋለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላት፣ «እዚህ ጋ ጎድሏል፣ ተመልሼ እፈታዋለሁ ማለት ነው» አለችኝ። አሁን ለሰው ፀጉር እንዲህ የምትጨነቅ ልጅ፣ ሽቦ አጉድላ ጎንጉና ሰው አስጎዳች ቢሉሽ ታምኛለሽ? እኔማ አምናለሁ። ስብሰባ የሚጠራው እንድናምን አይደል?

ቀስ በዪ ትይኛለሽ? ማንን ብዬ? ያለነው አንቺና እኔ፣ እና እዚያ ጥግ ጀርባቸውን ሰጥተውን ስልካቸውን የሚያዩት ሰውዬ ብቻ ነን። እሳቸው እንደሆነ ስልኩ ውስጥ ገብተዋል፣ አይሰሙንም። ስልኩ ብቻ ጥቁር ነው መሰለኝ፣ አልበራም... እሱ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ደግሞስ ማንን አማሁ? እኔ ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። የኛን ለኪ ነው የማመሰግነው። ስሙን አልጠራም። ደግ ሥራ የሠራ ሰው ስሙ ሲጠራ ያፍራል ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ማፈር የሚባለውን ገና አልጀመረውም፣ እኔ ምን ቤት ነኝና አስጀምረዋለሁ?

እንግዲህ እኔ የመዝገብ ቤት ሴት ነኝ፣ ማሽን አላውቅም። ግን የዚህን ቱቦ ፋብሪካ ወረቀት ሳስር ስፈታ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ አንዳንድ ነገር ጆሮዬ ገብቷል። የኮምባይነሩ የዘይት ቱቦ ላዩ ጎማ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከጎማው ሥር ያለው የተጎነጎነ ሽቦ ነው። ልክ እንደ ሹሩባ፣ ሰባት ሰባት ሽቦ ጎን ለጎን እየሆነ ይጠላለፋል። ለሊሴ በማሽኗ ትጎነጉነዋለች። ከዚያ ጎማው ከመልበሱ በፊት ለኪያችን መጥቶ ሽቦውን ይቆጥራል፣ ውፍረቱን በካሊፐር ይለካል፣ ጉንጉኑ የተጋደመበትን ማዕዘን ያያል። ጥምዝምዙ ቱቦ ከሆነ ደግሞ በቀለበትና በቀለበት መካከል ያለውን ርቀት ይለካል። ሥራው ይሄ ነው አሉ። «አሉ» የምልሽ ሲሠራ አይቼው ስለማላውቅ ነው።

ለነገሩ እንደዚያ ያለ ዓይን የሰጠው ሰው ካሊፐር ምን ያደርግለታል? ከበሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ገረፍ ያደርገውና «ዜሮ ነጥብ ሦስት ዜሮ» ብሎ ይጽፋል። ጥምዝምዙን ደግሞ እንደ እንቁላል ጆሮው ላይ ነቅነቅ አድርጎ «ደህና ነው» ይላል። አንድ ቀን ለሊሴ «ማዕዘኑ የተዛባ መሰለኝ፣ ይለካልኝ» ብትለው ምን አላት መሰለሽ? «እኔ ሳየው ቀጥ ያለ ነው!» ቀጥ ያለ ጉንጉን... አስቢው እስቲ። ጎንጉኖ ጎንጉኖ ሲያበቃ ቀጥ ያለ መምሰል እኮ ተሰጥዖ ነው፣ ለማንም አይሰጥም።

እንደው የመሣሪያ መጋዘኑ በአንቺ እጅ ነው፤ ያ ካሊፐር በስንት ዓመት ስንት ጊዜ ወጣ? ... አትመልሺልኝ! ሻይሽን ጠጪ። እኔ የሰማሁት ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመቱ መሆኑን ነው። ባትሪው ሞተ እንጂ ልኬቱ መች ሞተ? መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሞ በዋለ ቀን፣ ዜሮ ነጥብ ሦስት ዜሮ። ጎባ ሰርግ ሄዶ ሲጨፍር የተነሳውን ፎቶ በለጠፈበት ቀን... ዜሮ ነጥብ ሦስት ዜሮ። ታማኝነት ማለት ይሄ ነው! ሽቦው እንኳ በዚህ ብርድ ይኮማተራል፣ የሱ ቁጥር ንቅንቅ የለም።

የድሮ ሰዎች «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» ይሉ ነበር። ምን ያድርጉ፣ ሥራ ፈት ነበሩ። የኛ ሰው አንዴ ለክቶ ሦስት መቶ ጊዜ ይፈርማል። ያቺ አንዷም ከአዲስ አበባ እንግዳ የመጣ ዕለት ናት። መሳቢያው ውስጥ አንዲት ቁራጭ ናሙና አለችው፣ አይተሻታል? ሰባቱም ሽቦ በቦታው የሆነላት፣ ሸጋ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ትወጣለች፣ ትዳሰሳለች፣ ትመለሳለች። ከመዳሰስ ብዛት እንደ ሙሽራ ቀለበት ታበራለች።

ቅጹ ላይ ደግሞ ከስሙ ፊት ለፊት «ለካ» የምትል ቦታ አለች፣ እዚያ ነው የሚፈርመው። እኔ ሞኟ ይሄን ሁሉ ዓመት «ለካ» ማለት መለካት ይመስለኝ ነበር። ለካስ... ለካስ ያኛው «ለካ» ኖሯል፣ ሰው ዘግይቶ ሲገባው የሚለው።

የኮምባይነር ሾፌሩን ጉቱን ጠየቅሽው? ... ሳትጠይቂው እንዳትቀሪ፣ ያሳዝናል። እኔ እሑድ ጎባ ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሲናና ማሳ ላይ ስንዴ እያጨደ ነው የኛ ቱቦ ፈንድቶ የጋለ ዘይት የተረጨበት። «ፊቴን በእጄ ባልጋርድ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር» አለኝ። ኮምባይነር የሚነዳበት እጅ እኮ ነው! መቼ እንደሚታጠፍለት ሐኪሙም አያውቅም። ወጥቼ ደጁ ላይ አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ዓይኑ መትረፉ ግን ተመስገን ነው። ዓይን ትልቅ ነገር ነው፤ በዓይኑ ብቻ እንጀራውን የሚበላም ሰው አለ።

ከዚያ ቱቦውን አመጡት። ጎማው ተተርትሮ ሽቦው ወጥቷል። ቢቆጥሩት አንድ ቦታ ላይ ሰባት መሆን የነበረበት ስድስት ሆኖ ተገኘ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ሰባት ሽቦ ቢያብርም ዘይት ያስራል። ስድስት ሆኖ ሰባት ነኝ ያለ ሽቦ ግን ሰው ሆስፒታል ያስተኛል። ወዲያው «የጎነጎነው ማን ነው?» ተባለ። ለሊሴ! በቃ፣ አለቀ። የዛሬው ስብሰባ እሷን ለማሰናበት ነው፤ ደብዳቤው ከትናንት ወዲያ ተተይቧል፣ ቁጥር የሰጠሁት እኔው ነኝ፣ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። «የለካውስ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ... እኔ ግን አይጧን አልወቅስም። ዳዋው ራሱ ምን ሊሠራ እዚያ በቀለ?

ግን አንድ ነገር አለ። ቱቦው ላይ ወረቀት ላያይዝ ብዬ የተተረተረውን ጎማ ገለጥ ሳደርገው፣ ልክ ሽቦው የጎደለበት ቦታ ላይ ምን ታስሮ አገኘሁ መሰለሽ? ትንሽዬ ነገር ናት። ዘይት ጠጥታለች፣ ጫፏ አሯል። ቀለሟ ግን አለ... ቀይ ናት። ቀይ ክር፣ ጁሀራ! «እዚህ ጋ ጎድሏል» ብላ ልጅቷ አስራለታለች። ለማን? ለሚለካ ሰው ነዋ! በላዩ ላይ ጎማ አለበሱበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉናል፤ እኛ ግቢ እውነት የሚጠራው ጎማ ሲተረተር ነው። ያኔ ንድድ ነው ያልኩት።

ለኪያችን ክሩን አይቶ አለፈ ግን አልልም፣ ምላሴን ይቁረጠው! ለማየት መጀመሪያ መምጣት ያስፈልጋል።

የቱቦው መለያ ወረቀትም አልጠፋም፣ ጫፉ ላይ እንደታሰረ ነው። «ተለክቷል» ይላል። ፊርማው አለ። ቁጥሩ አለ፣ ያው የምታውቂው ቁጥር። ቀኑንስ? ብርጭቆሽን አስቀምጪና ስሚ። ጳጉሜ አሥራ ዘጠኝ።

... አትሳቂ! ከልቤ ነው። ሮጬ መዝገቡን ገለጥኩት። ለኪያችን እኮ ሥራ አያሳድርም፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቁጭታ ሞልቶ ጨርሶታል። ለየወሩ ሠላሳ መስመር፣ ሠላሳ ልኬት፣ ሠላሳ ፊርማ። ጳጉሜ ላይ ሲደርስም እጁ አልቆመም፣ ለሷም ሠላሳ! መለያ ወረቀቶቹንም እንዲሁ ጽፎ፣ በላስቲክ አስሮ ለማሸጊያ ክፍል ሰጥቷል፤ እነሱ ደግሞ ተራውን እየመዘዙ ያስራሉ። መስከረም ተጋምሶም የጳጉሜው ወረቀት አላለቀም ነበር። አየሽ፣ አገሩ ሁሉ አምስት ቀን ብሎ የናቃትን ጳጉሜ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት እሱ ነው። እኛ «የጳጉሜ ደመወዝ የለም» እያልን ስናጉረመርም፣ እሱ ሠላሳውን ቀን በነፃ ለካልን።

እኔን የቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ታውቂኛለሽ፣ በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤልን ሳልሳለም አልቀርም፤ ዝናብም ብርድም አያስቀረኝም። የጳጉሜው ገብርኤል እንዴት አመለጠኝ?

ውይ! እዚያ ጥግ ብርጭቆ ተደፋ? አንቺ ልጅ፣ መጥረጊያ ጨርቅ ስጪያቸው እንጂ! ትኩስ ነው፣ እጃቸውን እንዳያቃጥላቸው። የሰው እጅ ሲቃጠል አልወድም።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ። መዝገቡ ይኸው ነጠላዬ ሥር ነው፣ ክሯም ፖስታ ውስጥ ናት። መቸኮል ግን አልወድም። ጳጉሜ ላይ ሃያ አምስት ቀን መጨመር የቻለ ሰው፣ ለአንዲት ግማሽ ሰዓት አያንስም። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ያንን በር አንኳኩቶ «ልጅቷ ነግራኝ ነበር፣ አልለካሁም» ቢል... አራት ቃል ናት። በጣትሽ ቁጠሪያት፣ በዓይን አይሆንም። ይህን ቢል እኔም መዝገቤን ሳልገልጥ ወደ መደርደሪያዬ እመልሳለሁ። ልጆች አሉት፣ አውቃለሁ። ለሊሴም ከአገሯ ከብድሬ ያመጣቻቸው ሦስት ታናናሾች አሏት፣ እዚህ የምታስተምራቸው። የነሱን ምሳ ማን እንደሚለካላቸው ግን አላውቅም።

አንቺም የመሣሪያ መዝገብሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ኧረ አትፍሪ! የሚናገረው መዝገቡ ነው፣ አንቺ መያዝ ብቻ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ልትዪኝ ነው? እውነትሽን ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ዝም የተባለለት ቱቦ ግን ይፈነዳል።

እንዴ... ሰውዬው ተነሡ። ምነው፣ ሌላ ሻይ እንኳ ሳያዝዙ? በየት በኩል ዞሩ? እዪልኝ ጁሀራ፣ እኔ እንደ አንዳንዱ ሰው በሩቅ መለካት አልችልም። ወደ ግቢው ተሻገሩ? ... አልተሻገሩም? ... ባጃጅ ጠሩ! በጎባ መንገድ በኩል። እሺ። ጉቱን ሊጠይቁ ይሆናላ፣ ደግ ሰው ናቸው።

በይ ተነሺ እንግባ፣ መዝገብሽን አንሺ። ቆይ ግን፣ ይሄን ሁሉ አንስቼው ለኪያችንን ሳልመርቀው ብገባ ነውር ነው። ባጃጁ ሳይነሳ ድምፄን ከፍ ላድርግ፤ እኒያ ሰውዬ ከሰሙኝ ያደርሱልኛል።

ለኪያችን ሆይ! እግዚአብሔር ያን ዓይንህን ይጠብቅልህ። በለካህልን ዓይን ይለካልህ። ዕድሜህንም ያርዝምልህ፤ ካለፈው ጳጉሜ አምስት በኋላ እስከ ሠላሳ ያሉትን ቀኖች በሙሉ፣ አንዲት ሳያጎድል፣ ቆጥሮ ለአንተ ይስጥህ! ... አሚን በዪ እንጂ ጁሀራ፣ ሃያ አምስት ሙሉ ቀን እኮ ነው የመረቅሁት።