ገሜዳ የተከለከለው መርፌ

«ፔኒሲሊን ይገድለዋል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይወጋው።»

የተከበራችሁ የገሜዳ ቤተሰቦች፣ የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ የዕድራችን አባላትና የኮልፌ ጎረቤቶች፤ ይህን የተናገሩት የክሊኒካችን ኃላፊ አቶ መሸሻ ናቸው። አሁን በመካከላችን ቆመዋል። እኔ የገሜዳ የሥራ ባልደረባ ነኝ፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ኬሚስትሪ እናስተምር ነበር። ቃሉ ሲነገር አጠገቡ ነበርኩ።

ገሜዳ ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የልብ ሕመሙ እንዳይብስበት ከወጣትነቱ ጀምሮ በየወሩ ፔኒሲሊን ይወጋ ነበር። አንድም ቀን አላሳከከውም።

አምና የጾም ጸሎት ሳምንት ነበር። ምግብ የለ፣ ውኃ እንኳ የለ። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በእግራችን ወደ ክሊኒኩ ሄድን። «ትንሽ ቀምሰህ ተወጋ» አልኩት። «መርፌው በሆዴ ነው እንዴ የሚገባው?» ብሎ ሳቀብኝ። ተወጋ። ብድግ ሲል ወደቀ።

ፊቱ አበጠ? አላበጠም። ሽፍታ ወጣበት? አልወጣበትም። ትንፋሽ አጠረው? አላጠረውም። አስተኝተን እግሩን ከፍ ስናደርግለት ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየና፣ «የመንግሥተ ሰማያት ጣሪያም ያፈሳል እንዴ?» አለ።

ነርሷ፣ «ዝም ይበሉ ጋሼ፣ ለጥቂት ነው የተረፉት!» አለችው።

እሱ ግን ዳቦ ጠየቀ። አቶ መሸሻ አለርጂ ነው ብለው ያን ቃል የተናገሩት ይኼኔ ነው።

መቼ በላህ ብሎ ማን ጠየቀው? ከዚህ በፊት ስትወጋ ምን ሆነህ ታውቃለህ ያለው ማን ነው? ሆስፒታል ልኮ ያስመረመረውስ? ማንም የለም።

በመርፌው ፋንታ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘለት። ክኒኑ አንዳንዴ ከፋርማሲ ይጠፋል፤ አንዳንዴ እሱ ይረሳዋል። ጉሮሮውን አመመው። መገጣጠሚያው አበጠ። ልቡ ደከመ። ትናንት አረፈ።

«ጌታ ወሰደው» ትላላችሁ። አልከራከርም። እኔ የምጠይቀው ለሰው ስለተተወው ሥራ ነው።

ልጁ ሌሊሴ ይህችው ቆማለች። የአባቷ ሕመም አለባት፤ እሷም በየወሩ ትወጋለች። ባለፈው ሳምንት «የአባትሽ አለርጂ በዘር ይመጣል» ተብላ ሳትወጋ ተመለሰች። የአባቷ አለርጂ አልተረጋገጠም። ቢረጋገጥ እንኳ እሷን አያስከለክልም፤ ተወግታ ምንም ሆና አታውቅም።

ገሜዳ፣ ወንድሜ፣ በሰላም እረፍ። የልጅህን ጉዳይ ለእኛ ተወው።

አቶ መሸሻ፣ ሌሊሴ መርፌዋን የምትወጋበትን ቀን፣ ካልሆነም የከለከሏት በምን ምርመራ እንደሆነ፣ በጽሑፍ አድርገው፣ ፈርመውበት፣ እስከ ኅዳር አሥራ ሁለት ይስጡን።